ካምቢዮው እንቢ አለ

ላሊበላ ውስጥ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትፈታና ስትገጥም አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ያማትባል፣ እናቴ ደግሞ ጎረቤት እንዳያይ በሩን ትዘጋለች። እኔ ደሴ አጎቴ ዘንድ ተቀምጬ ስማር፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው እሱ ብስክሌት መጠገኛ ውስጥ ነበር። ካቻቢቴና ፒንሳ ከእርሳስ ይልቅ ለእጄ ይቀናኛል። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ነው፤ ያኔ የምኮራበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነው። ታናሽ ወንድሜ ዕድሜው ደርሷል፤ ቁመቱም ከሩቅ ያጋልጠዋል። የሰፈራችን ልጆች ከገበያ መልስ፣ ከአውድማ ላይ ይታፈሱ ነበር። ልጃቸው ጫካ የገባባቸው አንድ ጎረቤታችን «ልጅህን አምጣና ውጣ» ተብለው ቀበሌ እስር ቤት ከርመዋል። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር በእጇ የያዘችውን ትጥል ጀመር።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው የቀበሌው ሊቀመንበር አባቴን መንገድ ላይ ያቆመው። ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ደሴ ከሚሄደው ቡድን ጋር አንድ ብስክሌተኛ ከላስታ ይመረጣል፤ የተመረጠው በዚህ ዙር ለውትድርና አይነካም፤ ማጣሪያው ከከተማው ተነስቶ ቁልቁል አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወርዶ ዳገቱን መመለስ ነው፤ ያንተ ልጅ እግር አለው ሲል ነገረው። አባቴ ጧፍ እየሠራ ለተሳላሚ የሚሸጥ ሰው ነው። ብስክሌት በእጁ ነክቶ አያውቅም። ቤት ሲገባ ነገሩን ሁሉ ነገረንና ወደ እኔ ዞሮ «ትችያለሽ?» ብቻ አለኝ። እችላለሁ አልኩት።

አጎቴ እህል በሚጭን መኪና አንድ የኮርሳ ብስክሌት አካል ላከልን፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ፣ ቀለሙ የተላጠ። ጎማዎቹን ከተሰባበረ የትምህርት ቤት ብስክሌት አወጣሁ። ቸርኬው ተጣሞ ስለነበር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያላላሁና እያጠበቅሁ አቀናሁት። ፍሬኑም በጀ። ያስቸገረኝ ካምቢዮው ነበር። ኋላ ጎማ ላይ ትልቅና ትንሽ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ ትልቁ ለዳገት፣ ትንሹ ለፍጥነት ነው። ሰንሰለቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሽቦ አለ፤ ሽቦውን የሚስበው ደግሞ ከመሪው በታች ያለች ትንሽ ማንሻ ናት። ወንድሜ ዳገቱን የሚወጣው ሰንሰለቱ ትልቁ ጥርስ ላይ ወጥቶ ከቆየለት ነው። ካልቆየለት ውድድሩም የለም፣ ደሴም የለም።

አልቆይለት አለ። ጠንከር አድርጎ ሲረግጥ ማንሻዋ በራሷ ወደ ፊት ትንሸራተትና ሰንሰለቱ ዱብ ብሎ ትንሹ ጥርስ ላይ ይወድቃል። ማንሻዋን የሚይዛት በአውራ ጣት የሚዞር ባለጆሮ ብሎን ነው። ከአባቴ አሮጌ ቀበቶ ክብ ቆዳ ቆርጬ ከሥሩ አስገባሁና አጠበቅሁት። ማንሻዋ ያቆሟት ቦታ ላይ ቀጥ አለች። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ሌላ ጣጣ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ስሞክረው እንደ ልቤ የሚታዘዘው ካምቢዮ፣ ጠዋት ወንድሜ ለልምምድ ሲያወጣው ይደርቃል። ማንሻዋን ቢስባት ሽቦው አይነቃነቅም። ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ከሰዓት ሆነና ሠራ። በነጋታው ጠዋት ያው። ማጣሪያው ደግሞ በጠዋት ነው። ምግብ አስጠላኝ፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ መቆጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ብርዱ ሲብስብኝ ብስክሌቱን ወደ ምድጃው አስጠግቼ ስሠራ፣ ሽቦው የሚያልፍበት ልባስ ጫፍ ላይ ቢጫ ጠብታ ብቅ አለች። አሸተትኳት። ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ትሸታለች።

አባቴ ነው። ገበያ በሄድኩበት ሽቦው ዝጎ አይቶ፣ ላግዛት ብሎ፣ የጧፉን ሰም አቅልጦ ልባሱ ውስጥ አፍስሶበታል። እሱ ሰም የማያድነው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። ሰሙ ፀሐይ ሲሞቀው ይላላል፣ የላስታ ብርድ ሲያገኘው ይጋገራል። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጅ ለአባቷ የምትለው አይደለም። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ላምባ ይዞልኝ መጣ። በላምባ አጠብኩት፣ ከመኪና ነጂ የለመንኩትን የሞተር ዘይት ጠብ አደረግሁበት። በማግስቱ ጠዋት፣ በረዶ በሚመስለው ብርድ፣ ሰንሰለቱ ያለ ኮሽታ ትልቁ ጥርስ ላይ ወጣ።

ወንድሜ ዝምተኛ ነው። ስለ ዳገቱ፣ የት ላይ ማንሻዋን መሳብ እንዳለበት ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል። እሱ የሚጠይቀኝ ግን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ ነበር። እንዳይወድቅ ፈርቶ ነው አልኩ።

የማጣሪያው ዕለት እናቴ ማየት አልችልም ብላ ቤት ቀረች። እኔ መነሻው ላይ ቆሜ ማንሻዋን እስባለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እስባለሁ። ወንድሜ እጄን ቀስ አድርጎ አነሳና «ይበቃል እታለም፤ ጥሩ ነው» አለኝ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት መምህራን፣ አንድ ፖሊስና እሱ ነበሩ። ፊሽካ ተነፋ፤ አቧራቸው ብቻ ቀረ።

ፀሐዩ እየጠነከረ ሄደ። በመጀመሪያ ፖሊሱ እያለከለከ ደረሰ። ቀጥሎ አንደኛው መምህር ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ወንድሜስ ብዬ ጠየቅሁት። ገና ቁልቁለቱ ላይ እንደ ነፋስ እንዳለፋቸው፣ ታች ማረፊያው ላይ የቆመው ዳኛ ግን አላየሁትም እንዳላቸው ነገረኝ። ሰንሰለቱ ዘሎ ጎማው ውስጥ ሲገባ፣ ጎማው ሲቆለፍ፣ ገደሉ ሲውጠው ታየኝ። አባቴ ዱላውን አንስቶ ወደ ታች መሮጥ ጀመረ፤ ተከተልኩት። ሊቀመንበሩ ሚሊሻዎቹን ሰብስቦ ከኋላችን እንደሚመጣ ሰማሁ።

ብስክሌቱን ያገኘነው ቁልቁለቱ መሀል ካለችው አጭር ዳገት ሥር፣ የእግር መንገዱ ከመኪናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ወንዙ በሚወርድበት ጥግ ነው። አልወደቀም። ወይራ ላይ ተደግፏል፤ ካምቢዮ የሌለበት ጎኑ ወደ ግንዱ፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኩት። ደም የለ፣ ጭረት የለ። አባቴ ወደ ገደሉ እየጮኸ ይጣራል። እኔ የኋላውን ጎማ አነሳሁ፣ ፔዳሉን አዞርኩ፣ ማንሻዋን ሳብኩ። ሰንሰለቱ ትንሹ ጥርስ ላይ ነበር፤ አንድ በአንድ ወጥቶ ትልቁ ላይ ተቀመጠ። እዚያም ቆየ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ የለፋሁት ለዳገቱ ነበር። እሱ የፈለገው ቁልቁለቱን ብቻ ኖሯል።

አባቴ መጣራቱን ትቶ ወደ እኔ መጣ። «ይሠራል?» አለኝ። «ይሠራል» አልኩት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀበሌ የታሰሩት ጎረቤታችን ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ ትዝ እንዳሉን ዓይኑ ላይ አየሁ። ደህና ብስክሌት ትቶ የጠፋ ልጅ ጫካ የገባ ልጅ ነው፤ አባቱም ይታሰራል። ከላይ የሚሊሻዎቹ ድምፅ እየቀረበ መጣ። በአውራ ጣቴ ባለጆሮውን ብሎን አላላሁት። ቆዳዋን አውጥቼ ሣር ውስጥ ወረወርኳት። አባቴ አየኝና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ሊቀመንበሩ ሞኝ አልነበረም። አንዱን ሚሊሻ ፔዳል አስዞረና ማንሻዋን ራሱ ሳበ። ሰንሰለቱ ወጣ። ለቀቃት፤ ማንሻዋ ተንሸራተተች፣ ሰንሰለቱ ዱብ አለ። ደገመው፤ ያው ሆነ። ከዚያ ጣቱን ብሎኑ ላይ አሳረፈና ይሄ ምንድነው አለኝ። ማጥበቂያው ነው፣ ጥርሱ አልቋል፣ አልጠብቅ ብሎኛል አልኩ። ወደ ቀኝ ቢያዞረው ይጠብቅና አለቀልን። ወደ ግራ አዞረው፤ ብሎኑ ወልቆ መዳፉ ላይ ቀረ። ሚሊሻዎቹ ሳቁ።

«ድሮም ለሴት መሰጠቱ ነው ጥፋቱ» አለ።

«እውነትዎን ነው ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ጉሮሮዬን የቧጠጠኝ የለም።

አባቴ ልጁ ሰው ፊት መቅረብ አፍሮ ብልባላ አክስቱ ዘንድ ሳይሄድ እንዳልቀረ፣ ሲመለስ ራሱ ይዞት እንደሚቀርብ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ቀበሌ ስንትና ስንት ጊዜ ጠርተው አመላለሱት፤ ግን ቤቱ አደረ። ያን ቀን ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳገቱን ወጣን። ከተማው ሲታየን አባቴ፣ ሳያየኝ፣ ጥሩ አድርጌ ገጥሜው እንደነበር ነገረኝ።

እናቴ ምሥጢር አይበረክትላትም። የሆዷን ለባልንጀሮቿ ካላወራች አታድርም። ስለዚህ ለሷም ያንኑ ነገርናት፤ ካምቢዮው እንቢ ብሎት አፍሮ ቀረ አልናት። አመነች። ለቅሶ ቤትም ይሁን ማኅበር፣ ያ ብስክሌት ባይበላሽ ኖሮ ልጄ ደሴ ነበር እያለች ስታወራ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አልፎ አልፎ እጆቼን ታያቸዋለች።

ደርግ ሲወድቅ ከጫካ የወጡት ታጋዮች በከተማው ባለፉ ቁጥር እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። እሱ የለም። አንድ ቀን ከዚያ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። አባቴ ሞቷል፤ የሚታሰር የለም፤ ልነግራት እችል ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች፤ «ዳገቱ ላይ እንቢ ብሎት ነው?»

እንቢ አላለውም ካልኳት፣ ልጇ እሷን ሳይሰናበት፣ አስቦ፣ ትቷት እንደሄደ ልነግራት ነው።

«አዎ እማዬ» አልኳት፤ «አጥብቄ አልገጠምኩትም ነበር።»