ጉንፋን የያዘው ገጣሚ

እናቴ «እሺ» አለች! ሁለት ፊደል ናት፤ እኔ ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ መዝሙር አድርጌያታለሁ። በዚህ ሰመር ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው የከተማችን ሰፈር ውስጥ በሚካሄደው የወጣቶች የግጥም ካምፕ ልገባ ነው።

ያቺን እሑድ የማልረሳት ግን በእሺታው ብቻ አይደለም። እሺ የተባልኩት፣ እናቴን እንቢ ያሰኛታል ብዬ ላብ እስኪያጠምቀኝ በደበቅሁት ነገር ስለሆነ ነው።

ካምፑ እንደተቀበለኝ ኢሜይል ሲያደርግልኝ እናቴ ደስ አላላትም። አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ በእሷ ቤት ሰመር ማለት የነርስ ረዳት ኮርስ የሚወሰድበት ወቅት ነው። «ግጥም ጥሩ ነው፤ ግን ገጣሚ ሆኖ ጤነኛ የሆነ ሰው አላውቅም» አለችኝ። ስንት ገጣሚ እንደምታውቅ ብጠይቃት «አንድም» አለች።

ደግነቱ ካምፑ ለቤተሰብ ነፃ ፊልም አዘጋጅቶ ነበር፤ የአንድ አፍሪካዊ ገጣሚ የሕይወት ታሪክ። «እሱን አይቼ እወስናለሁ» ስትል በደስታ ዘለልኩ። ምን ዓይነት ገጣሚ እንደሆነ ቼክ አላደረግሁማ!

እሑድ ከቸርች በቀጥታ ሄድን። የእናቴ ጓደኛ እትዬ ዘነቡም «የአፍሪካ ፊልም ከሆነማ አልቀርም» ብለው አብረውን መጡ። እኔ መሃላቸው ተቀመጥኩ።

መብራት ሲጠፋ ጉድ ፈላ። ፊልሙ አፍሪካንስ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ደግሞ ይሮጣል። እናቴ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ የሚሮጥ እንግሊዝኛ ግን አታሳድድም። በክርኗ ጎኔን ነካ አደረገችና «ምን አለ?» አለችኝ።

ሐኪም ቤትም ባንክም አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ። ጀመርኩ። ገጣሚው ገና ብቅ ከማለቱ ጠርሙስ አንስቶ ጨለጠ።

«ምንድን ነው የሚጠጣው?»

«የሳል ሽሮፕ። ጉንፋን ይዞት ነው።»

«ጌታ ይማረው!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ሚስቱ ሳህን ስትወረውርበት «ምሳ ቀርቧል እያለችው ነው» አልኩ።

«በውርወራ?» አለች እናቴ።

«የአገሩ ባህል ይሆናላ።»

ገጣሚው የአሳታሚው ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛ ሲገለብጥ፣ የጠፋበትን እስክሪብቶ እየፈለገ ነው አልኳቸው። የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲያስገቡት «ዕረፍት ወጣ» አልኩ። እውነቱን የምተረጉመው ግጥሞቹን ሲያነብ ብቻ ነበር። ያኔ እናቴም በክርኗ አትነካኝም፤ ዝም ብላ ትሰማለች።

ከፊታችን የተቀመጡ ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ አዘንኩላቸው። ዞር አሉና በጠራ አማርኛ፣ «ልጄ፣ ከዚህኛውስ ያንቺው ፊልም ይሻላል፤ ቀጥይ» አሉኝ። ክው አልኩ።

መጨረሻው ላይ ገጣሚው ሆስፒታል ተኝቷል። የሚጠይቀው ሰው አልመጣም። አንዲት ነርስ ብቻ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ ከግጥሞቹ አንዱን እንዲያነብላት ጠየቀችው። ድምፁ እየተቆራረጠ አነበበላት። እትዬ ዘነቡ እንባቸውን እየጠረጉ «ምነው ጉንፋኑ እንዲህ ጠናበት?» አሉኝ። አማርኛዬ አለቀ።

መብራቱ ሲበራ ሰውየው ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁና «እህቴ፣ ልጅዎ ደራሲ ናት» አሏት እናቴን። «አስተርጓሚነቱ ግን ይቅርባት።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

ከተማው ዳር ወዳለው ቤታችን፣ ወደ ጋሃና፣ ስትነዳ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። እትዬ ዘነቡ ከኋላ አንቀላፍተዋል። በቃ፣ ካምፑም ቀረ፣ ኮርሱ መጣ አልኩ በልቤ። ቀይ መብራት ላይ ቆምን።

«ጉንፋን?» አለችኝ።

አቀረቀርኩ።

«አንቺ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ረሳሽው? የጨነቀው ሰው ፊት በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ጠርሙሱ ሳይነሣ ገና ዓይኑን ሳይ አውቄዋለሁ።»

«ሶሪ እማ። ግጥም ነው ያሳበደው ብለሽ እንዳትከለክይኝ ፈርቼ ነው።»

«ግጥሙ ምን አደረገው? እሱን ሲያነብ ብቻ እኮ ነው ፊቱ የሚፈታው። በሽታው ሌላ ነው፤ የባሰው ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ማጣቱ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

«ሂጂ፤ እሺ ብያለሁ። ግን በምታነቢበት ሁሉ ፊት ለፊት ቁጭ እላለሁ። ሁሉ ነው ያልኩሽ!»

ነፃነቴን ከነጠባቂው ተረከብኩ ማለት ነው። ጓደኞቼ ሲሰሙ «ኦ ማይ ጋድ፣ እናትሽ ፊት?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን አሁን ሳስበው፣ ከሀፍረቴ ደስታዬ ይበልጣል። እናቴ ስታናግረኝ በእንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው ያደግሁት፤ ግጥም በአማርኛ ነግሬያት የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ስትሰማኝ የነበረውን ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ይሄው፣ በአማርኛ መጻፍም ጀመርኩ!

አንድ ዕዳ ግን ይቀረኛል። ትናንት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ስወጣ እትዬ ዘነቡን አገኘኋቸው። እጄን ያዝ አድርገው «ለዚያ ለደቡብ አፍሪካዊው ልጅ በጸሎት ፕሮግራማችን እየጸለይንለት ነው። ተሻለው?» አሉኝ። ገጣሚው የሞተው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። «እየተሻለው ነው እትዬ» ብዬ አመለጥኩ።

ካምፑ ሲያልቅ ግጥሞቻችንን በአዳራሽ እናነባለን፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። እናንተም ኑ፣ እናቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። እንግሊዝኛው ለሚሮጥባቸው አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አትስጉ፤ እናቴ ፊት ለፊቴ ስለምትቀመጥ፣ በዚያ ቀን ጉንፋን የሚይዘው ገጣሚ አይኖርም።