አያ ምትኩ የሠሩት እንጨት አቋሚ

ትናንት ልጄን አዘዞ አዲስ ወደተከፈተ የቦውሊንግ ቤት ወሰድኋት። ኳሱ የጣላቸውን እንጨቶች ማሽኑ አንስቶ መልሶ ሲያቆም፣ ከኋላ የጋለ ጎማ ሽታ መጣ። አያ ምትኩ ትዝ አሉኝ።

የአባቴ ወንድም አያ ምትኩ ማክሰኝት ውስጥ የወፍጮ ጠጋኝ ነበሩ። ጎንደር የነበረ አንድ የቦውሊንግ ክበብ እንጨቶቹን የሚያቆም ሰው ሲቸግረው፣ በወፍጮ ሞተርና ሞተሩ በሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፉለት። ከባድ የብረት ሳህን ወርዶ አሥሩን እንጨቶች ባንዴ ያቆማል። የሙከራው ዕለት ማብሪያውን ለእኔ ሰጡኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ሳህኑ ተነስቶ ሳለ መብራት ሄደ። አንድ እንጨት ከሥሩ ተቀርቅሮ ነበር።

"አጥፍተሻል አይደል?" አሉኝ አያ ምትኩ።

"አዎ" አልኩ። እንጨቱን ሊያወጡ ክንዳቸውን ከሳህኑ ሥር እስከ ትከሻቸው አስገቡ።

ማብሪያውን ሳየው ምልክት የለውም። ማጥፊያው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ጠፋብኝ። የክበቡ ሥራ አስኪያጅ አጠገቤ ስለቆመ ለመናገር አፈርኩ። መብራቱ ድንገት ቢመጣስ ብዬ ግን ተናገርኩ።

"አያ፣ እጅዎን ያውጡ።"

"ምነው?"

"ማጥፋቴን እንጃ።"

አልተቆጡም። "እንዳትነኪው። የተሳሳትሽው አንዴ ነው፤ በድንጋጤ ሌላ አትጨምሪበት" አሉና ክንዳቸውን ቀስ እያሉ ይስቡ ጀመር። እጅጌያቸው ብረቱ ላይ ተያዘ። በሌላ እጃቸው ቀደዱት። ጣቶቻቸው እንደወጡ መብራት መጣ፤ ሳህኑ ወለሉን እያንቀጠቀጠ ወረደ።

አያ ምትኩ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ለሥራ አስኪያጁ "ሸጋ ነው፤ ይሠራል" አሉት።

ለምን መጀመሪያ "አዎ" እንዳልኩ እስኪሞቱ ድረስ አልጠየቁኝም።