የኩልሱም ክንድ

ኩልሱምን አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ልሸፋፍነው ብልም አይሆንልኝም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ነኝ። ፈልጌው እንዳይመስላችሁ! ከየካ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ካለነው ሴቶች መጻፍ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ነው። ማን ልጇን አስከተበች፣ ማን የወሊድ መከላከያ ጀመረች እያልኩ ለወረዳ አሳውቃለሁ።

በ2005 ዘመቻ መጣ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ፣ የሦስት ዓመቱን፣ ከየቡድኑ ይህን ያህል ሴት ታስገባ ተባለ። እኔ አንድ ሰው ጎደለኝ። የወረዳው ለይኩን፣ የልጄ እኩያ፣ "እትዬ የማርያምወርቅ፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት" እያለ በስልክ ነፍሴን አወጣት። ቤቴ የቀበሌ ነው፤ ወረዳን አስቀይሜ የት ልወድቅ?

ዓይኔ ኩልሱም ላይ አረፈ። ከስልጤ መጥታ ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ኋላ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥባት ሱቅ የከፈተች፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ያገባች ሴት ናት። ባሏ ሳውዲ ለሹፌርነት ከሄደ መንፈቁ ነበር።

"እትዬ፣ ባሌ በሌለበት ምን ያደርግልኛል? እሱ ሲመለስ እኮ ልጅ ነው የምንፈልገው፤ አርባ ሞላኝ" አለችኝ።

"አይዞሽ የኔ እመቤት! እሱ በመጣ በማግስቱ ይወጣል" አልኳት። ማን ነግሮኝ? ማንም አልነገረኝም! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እኔን አምና አስገባች።

በ2006 ሳውዲ ያገሬን ልጅ ጠርጋ ስታስወጣ ባሏ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኩልሱም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ "ሦስት ዓመቱ ሳይሞላማ አይወጣም" አለቻት። ደግማ ሄደች፤ የሚያወጣው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው ተባለች። በሦስተኛው እኔም አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ በሩን ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እናቴ፣ ካወጣን ከወረዳው ዕቅድ ላይ ይቀነሳል፣ እኛም እንገመገምበታለን። ከወረዳ ፈቃድ አምጡ" አለችን። ወይ ጉድ! ለገዛ ክንዷ ፈቃድ!

የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። እነሱም መንግሥት ያስገባውን አንነካም አሉ።

የቀረን ለይኩን ነው። 2007 ከገባ በኋላ ቢሮው ሄደን ነገርነው። "ምርጫ ደርሶ ሳለ?" አለ። "ወረዳችን መቶ በመቶ አሳክተናል ብሎ ሪፖርት አድርጓል። የቡድንዎ አባል ላስወጣ ማለቷን እርስዎ በፊርማዎ ያረጋግጣሉ?" ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ኩልሱም አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ታያለች። ይሄኔ እሱ፣ "ለመሆኑ የቤትዎን ውል ዘንድሮ አሳድሰዋል?" አለኝ።

እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ኩልሱም ዳገቱን እስክንጨርስ ቀድማኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሯ ላይ ስንደርስ፣ "እትዬ፣ እርስዎም ልጆች አሉዎት፤ ከቤት ቢያስወጧችሁ የት ትሄዳላችሁ" ብላኝ ገባች። እመቤቴን፣ ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ሦስት ዓመቱ ሲሞላ፣ በ2008፣ ያቺው ነርስ አወጣችላት። አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባልና ሚስቱ ዱዓ አደረጉ፣ ሐኪም ቤት ተመላለሱ። ልጅ አልመጣም። ባለፈው ዓመት የወር አበባዋ ጭራሽ ቀረ።

ባለፈው ሰኞ ለይኩን ደወለልኝ። እንደገና ዘመቻ አለ።

"ከቡድንዎ መከላከያ የማትጠቀም ሴት አለች?"

"ኩልሱም አለች" አልኩት። "ግን እሷ ከእንግዲህ አትወልድም። ልጅ ሳታይ ቀረች፣ እኔና አንተ ነን ያስቀረናት!"

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

"የማትወልድ ከሆነማ ጥሩ ነው" አለ። "ተጠቃሚ ብለው ይመዝግቡልኝ።"

እሺ አልኩት።