ቅቤ የጠጣ ጓንት

ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብስ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ስከፍት የቆየ ቅቤ ሸተተኝ። እጄን ሰድጄ ብዳብስ ያ ትልቁ የቆዳ ጓንት ነው፣ የቤዝቦሉ። አሁንም ለስላሳ ነው። ጣቶቼን ሳስገባ የልጅ ልጄ ጣቶች የነበሩበትን ቦታ አገኙት፤ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያኔ እዚሁ ስደት አገር፣ አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር፣ የመንግሥት ፍላት ውስጥ ነበርን። እናቷ ሰንሻይን ዌስት ያለ መጋዘን የከሰዓት ሺፍት ስለምትሠራ፣ ልጅቷን ከኮሌጅ የማመጣት እኔ ነበርኩ። እዚህ ሁለተኛ ደረጃውን ኮሌጅ ይሉታል። ጨዋታ ሲኖራት አጥሩ ሥር ሆኜ እጠብቃታለሁ። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከወንዶቹ መሀል አንዲት ሴት፣ ኳስ ወርዋሪዋም እሷ። ጨዋታው እስከ ዛሬ አይገባኝም። የሚገባኝ ድምፁ ነበር። ኳሷ ከእጇ ወጥታ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ስትገባ ጧ ትላለች፣ ሰዉም ወደ እኔ ዞሮ ያጨበጭባል።

አሰልጣኙ ፊታቸውን ፀሐይ የጠበሰው፣ ኮሌጁ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ነበሩ። የሜዳውን ነጭ መስመር በገዛ እጃቸው ያሰምራሉ፣ የኳሱን ከረጢት ራሳቸው ይሸከማሉ። አንድም ዋንጫ አላገኙም ይባል ነበር። ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ዘንድሮ ካሸነፉ ሜዳውን ትተው ቢሮ ይገባሉ፣ የኮሌጁ ስፖርት ሁሉ በእጃቸው ይሆናል። እኔን ሲያዩ ከመኪናቸው ተጣጣፊ ወንበር አውጥተው ይዘረጉልኛል፤ «ግራንድማ» ብለው ይጨብጡኛል። ምን ልበል፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ ሴት ነኝ። አስተማሪ ወንበር ዘረጋልኝ። ያን ወንበር ወደድኩት።

ከዚያ ክንዷን ያማት ጀመር። አንድ ቀን ከትራም ስንወርድ «እማምዬ፣ ሾልደሬን ሀርት ያደርገኛል፤ ለኮቹ ልንገረው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ እናቴ ሰው ስታሽ እያየሁ ያደግኩ ነኝ። ተይ፣ አስተማሪ አያስቸግሩም፣ እኔው አሽቼ አድንሻለሁ አልኳት። ጨው የሌለበትን ቅቤ ከሱፐርማርኬት ገዝቼ፣ ለብ አድርጌ፣ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ትከሻዋን አሸው ጀመር። እጄ ላይ የተረፈውን ጓንቱን አጠጣዋለሁ። አውራ ጣቴ ሥር አንድ ነገር ቋ ይላል፤ እሷ ትራሱን ትነክሳለች። እኔ እየተፈታልሽ ነው እላታለሁ።

ልጆቹ ፖፕኮርን የሚል ስም አወጡላት። ቁልምጫ መስሎኝ እኔም ከወንበሬ ላይ ሆኜ «ፖፕኮርን፣ በርቺ» እላለሁ። ሜዳው በሳቅ ይሞላል፤ አሰልጣኙም ይስቃሉ። ለካ ሲኒማ ቤት እንደሚሸጠው ፈንዲሻ ቅቤ ቅቤ ስለምትሸት ኖሯል። ይህንንም የሰማሁት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

የዋንጫው ቀን አሰልጣኙ የተጫዋቾቹን ጤና የሚሞሉበትን ወረቀት ይዘው ወደ አጥሩ መጡ። የልጅቷ ክንድ በቅቤ ያበራል። አዩት፤ ጠረኑም ሳይደርሳቸው አልቀረም። ከዚያ እሷን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ፔይን?» አሉኝ፣ ያማታል ወይ ማለታቸው ነው።

ልጅቷ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች።

«ኖ ፔይን» አልኩ፣ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት በሁለቱ። ፈገግ ብለው ጻፉ።

አሸነፉ። ወደ መጨረሻው ላይ ኳሷ ጧ ማለቷን ትታ ነበር፤ እሷ ግን አላቆመችም። የመጨረሻዋን ወርውራ ክንዷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጎኗ ላይ ወደቀ። ሰዉ ዋንጫው ላይ ስለነበር ያየ የለም። እኔ አየሁ። አይቼም አጨበጨብኩ።

ሐኪሙ ከእንግዲህ አትወረውርም ካለ በኋላ ቀጠሮ ቡክ አድርገን አሰልጣኙን ልናነጋግር ሄድን። ምንጣፍ ያለው ቢሮ ገብተዋል፤ ዋንጫው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ልጅቷ ብዙ አልጠየቀችም። ኳስ እየለቀምኩም ቢሆን፣ ነጥብ እየጻፍኩም ቢሆን ከቡድኑ ጋር ልቆይ ነው ያለችው። እሳቸው በለሰለሰ ድምፅ መለሱላት፤ ከዚያ ያንን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው ወደ እኛ ገፉት። ምን አሉ፣ ተርጉሚልኝ አልኳት። ሁልጊዜ ስትተረጉምልኝ የሚያስቀይመኝን እየዘለለች ነበር። ያን ቀን አልዘለለችም።

«የማይጫወት ልጅ ቡድን ውስጥ ቦታ የለውም ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ አያቷ ሕመም የለም ብለዋል ይላል።» ቀጥላም፣ «እውነቱን ነው። አንቺ ነሽ ያልሽው» አለችኝ።

አሰልጣኙ ተነሥተው በሩን ከፈቱልን። «ቴንክ ዩ ግራንድማ» ብለው እንደ ድሮው ጨበጡኝ። እኔም እጅ ነሣኋቸው።

ጓንቱን በሦስት ላስቲክ ጠቅልዬ መለስኩት፣ እንዳይሸታት። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ትመጣለች። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሥራ ይዛለች፤ ቀኝ እጇ ግን ከደረቷ በላይ አይወጣም። ስለዚህ እግሬ ሥር ቁጭ ትልና ፀጉሯን እሠራታለሁ። የሥራ ቦታዋን ወሬ ታመጣልኛለች፣ እንስቃለንም። ጣቴ ወርዶ ትከሻዋን የነካ እንደሆነ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ቀስ ብላ ከጣቴ ሥር ዝቅ ትልብኛለች።