ሦስቱ ባዶ መስመሮች

በእስልምና ጥበብ ሙዚየማችን ምድር ቤት አንድ አዛውንት ሠላሳ አንድ ዓመት አሮጌ መጻሕፍት ሲጠግኑ አንድ ገጽ አበላሽተው አያውቁም ነበር። ሁላችንም «ጠጋኙ ጋሼ» እንላቸዋለን። የእኔ ሥራ ለዕቃዎቹ የመግለጫ ካርድ መጻፍ ነው፤ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ደረጃውን ወጥተው ይመጡብኛል። እንደሳቸው ያለ ነዝናዛ አላየሁም፤ እንደሳቸው የምወደው ሰውም የለም።

ገጽ ያጠቡበትን ውኃ ቧንቧ ውስጥ ደፍተው አያውቁም። ቃሉ ያረፈበት ነው ብለው በሳህን ይዘው ይወጡና እግር በማይረግጠው የግቢው ዛፍ ሥር ያፈሱታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ እኮ ዘንድሮ ቁርኣንን ዳር እስከ ዳር ቀርቶ ሊያኸትም ነው» እላቸው ነበር። እንዳልሰማ ሆነው በአፍንጫቸው ይስቃሉ።

አንዲት አሮጊት አባታቸው በእጃቸው የጻፉትን ቁርኣን ለሙዚየሙ ሰጡ። ሻጋታ ስለጎዳው ገጾቹ መታጠብ ነበረባቸው። ጋሼ ቀለሙን በጠብታ ውኃ ሳይፈትኑ ገጽ አያርሱም፤ ያን ቀንም ከገጹ ራስጌ ላይ ፈተኑ፣ ቀለሙ አልተነሣም። ለካ ጸሐፊው መሃል ላይ ቀለም አልቆባቸው ሌላ በጥብጠው ኖሯል፤ ሁለተኛው ቀጭን፣ ውኃ የማይችል ነው። ግርጌው ላይ ያሉት ሦስት መስመሮች ታጥበው ሄዱ።

ሳህኑን ይዘው ሲወጡ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ውኃው ጠቁሯል። ቀልዴ አፌ ላይ ቀረ።

ኃላፊያችን ነገሩን አቀለሉት። «ቁርኣኑን በቃልዎ ያውቁታል፣ እጅዎም የማንንም ጽሕፈት ያስመስላል። ይጻፉበትና ይለቅ። ማን ያውቃል?»

«ቃሉንስ አውቀዋለሁ» አሉ ጋሼ። «እጁ ግን የሰውየው ነው። ልጃቸው የአባቴን እጅ ልይ ብለው ነው የሚመጡት።»

መስመሮቹን ባዶ ተዉአቸው። ካርዱንም ቃል በቃል አስጻፉኝ፦ «በጥገና ወቅት፣ በጠጋኙ ስሕተት የጠፋ።» አዝኜላቸው «በጠጋኙ ስሕተት» የሚለውን ባወጣው፣ ደረጃውን ወጥተው መጡብኝ።

ቁርኣኑ የተቀመጠበት አዳራሽ በተከፈተ ቀን አሮጊቷ ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን መጡ። ጋሼ የሆነውን ነገሯቸው። አሮጊቷ ወደ መስታወት ሳጥኑ ተጠጉ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከገጹ ራስጌ ጀምረው በዝግታ አነበቡ። ባዶው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ ብዬ ነበር። አልቆሙም። ጣታቸው ምንም የሌለበትን ወረቀት እየተከተለ ሦስቱንም መስመር አንብበው ጨረሱ።

«አባቴ ያስቀራኝ ከዚሁ ላይ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ውኃውን የት ደፉት?»

«ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ተከትያቸው ወጣሁ። አሮጊቷ ከዘራቸውን ለጋሼ አስይዘው፣ ጫማቸውን አወለቁና መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ጋሼ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።