ገልብጪው

ልብስ ሰፊው ሙዚቃ ሳይከፍት ሥራ አይጀምርም። ሱሪ ሲያሳጥር ሞቅ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ኮት ሲሰፋ ግን ቃል የሌለው፣ ረጋ ያለ ሙዚቃ ካልሆነ እጁ አይታዘዝለትም። ልቡን የሚነካው ዘፈን ከመጣማ የስፌት መኪናውን ፔዳል ለቆ፣ ጨርቁን ደረቱ ላይ አቅፎ እስኪያልቅ ይቀመጣል፤ ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቅ ግድ የለውም። ሰፈሩ «ጋሽ ሬዲዮ» ይለዋል። መብራት በጠፋ ቀን የሰፋው ልብስ ይጣመማል እያሉ የሚያሙትም አሉ። ሐሜት ነው እንዳልል፣ እኔም ቤት አንድ ሸሚዝ አለ።

ከሁሉም የሚበልጥበት ግን ምንም ያልተጻፈበት አንድ ካሴት ነው። እሱን የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ፣ ታላቅ እህቱ ጎረቤት ስትሄድ ብቻ ነው። ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ቴፑ ላይ አጣብቆ ይሰማል። በካሴቱ አንደኛ ፊት መጀመሪያ ላይ አንድ ዘፈን አለ፤ የምትዘፍነው እህቱ ናት።

እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በሆቴል ባንድ እየዘፈነች አብልታዋለች፣ አስተምራዋለች። ኋላ ጉሮሮዋን ታመመች። ቀዶ ሕክምናው ሕይወቷን አተረፈላት፣ ድምፅዋን ግን ወሰደባት፤ አሁን የምታወራው በትንፋሽ ነው። ከሆስፒታል የወጣች ለት «ካሴቶቼን በሙሉ አቃጥልልኝ» አለችው። አቃጠለ። አንዱን ግን ብብቱ ሥር ወሸቀና «ሁሉም ነደዱ» አላት። በአንዲት ተራ ውሸት ባሏን የፈታች ሴት ናት፤ ይህን ብትሰማ ሻንጣዋን እንደምታነሳ አይጠራጠርም። ስለዚህ የገዛ ልጁ እንኳ ዘፋኟ ማን እንደሆነች አታውቅም።

ልጁ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። በዕረፍቷ ቀን እየመጣች ቁልፍ ትተክልለታለች፤ በዚያው ትጨቀጭቀዋለች።

«አባዬ፣ የካሴቱ ክር እኮ ሳስቷል። አንድ ቀን ይበጠስና ጉድ ትሆናለህ። ለምን ሌላ ካሴት ላይ አንገለብጠውም?»

«አይገለበጥም አልኩሽ! አንዴ ሁለት ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚሰማው።»

ሰፈሩ ከሰማ እህቱም መስማቷ አይቀርም፤ የሚፈራው ይህን ነው። ቴፕ ጠጋኙ ደግሞ አንድ ጊዜ «በላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ጥጉ ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ስበራት» ቢለው፣ «ጤነኛ ዕቃ ምን በድሎኝ እሰብራለሁ?» ብሎ መልሶታል። ብልጥ ነኝ ማለቱ ነው እንግዲህ።

የዚያን ቀን እህቱ ወጣ እንዳለች ካሴቱን ከሁለተኛው ፊት አስጀመረው። እዚያ ያሉት የሌሎች ዘፈኖች ናቸው፤ የሚጥመውን ለመጨረሻ ያቆያል። ፊቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ወፍራም ደንበኛ ኮት ሊለካ መጣ። ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ኋላ ወሰደው፣ አፉን በስፒል ሞላና ብብቱ ሥር ገባ። በዚህ መሀል ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

«ሚጣ!» አለ፣ በስፒሎቹ መካከል። «አልቋል፤ ገልብጪው!»

አባት አዙሪው ማለቱ ነው። ልጅ የሰማችው ቅጂው የሚለውን ነው። በመጨረሻ እሺ አለ ብላ ደስ አላት፤ ባዶ ካሴት ፈልጋ ከመሳቢያ አወጣች። ቴፑ ባለ ሁለት ካሴት ነው፦ ግራው ማጫወት ብቻ ነው የሚችለው፣ ቀኙ ይቀዳልም። የግራው ክር ስለሚበላ አባቷ የሚያዳምጠው ሁልጊዜ በቀኙ ነው። በስልክ ዘፈን ያደገች ልጅ ይህን ከየት ታምጣው? የአባቷን ካሴት ከመጀመሪያው ለማስጀመር አዞረች፣ እዚያው ቀኙ ቤት መለሰችው፣ ባዶውን በግራ አስገባችና መቅጃውን ተጫነች።

ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ኋላ ጆሮውን አቆመ። ደንበኛው ስለ ኮሌታ ያወራል፣ ከኮሌታ ወደ አማቱ ይሄዳል፣ ከአማቱ ተመልሶ ኮሌታ ላይ ይወድቃል። ልብስ ሰፊው በወሬው መሀል የእህቱን ድምፅ ይፈልጋል። አይሰማም። ድምፁን አሳንሼው ነው አለ በልቡ። አንድ ስፒል ሰካ። አሁንም የለችም። ሌላ ሰካ፤ ደንበኛው «አይ!» ብሎ ዘለለ።

«ሚጣ፣ ምነው ዝም አለ?»

«እየገለበጥኩት ነዋ!»

እየገለበጥኩት? ካሴት ማዞር ይህን ያህል ይፈጃል እንዴ? እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ገባው።

መጋረጃውን ገፍትሮ ወጣ። ቀይዋ መብራት በርታለች፤ ሁለቱም ካሴቶች ይዞራሉ። ስፒሎቹ ካፉ ረገፉ።

«ምን አደረግሽኝ?»

«ገልብጪው አላልከኝም እንዴ?»

«አዙሪው ነው ያልኩሽ! አዙሪው!»

ማቆሚያውን በቡጢ መታው። ወደ ኋላ አጠነጠነና ከፈተ። እሽሽሽ ብቻ ነው። ድምፁን ጨመረ፤ እሽሽሽ። ከሥር ተደብቃ ይሆናል ብሎ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች። ደንበኛው ባንድ እጅጌ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ እኔስ እንዲሁ ልቅር?» አለ። ልብስ ሰፊው ዘፈኑን በልቡ እየተከተለ ነው፦ አሁን መግቢያው፣ አሁን አዝማቹ፣ አሁን ሁለተኛው ስንኝ። ሁሉም ቦታ ባዶ ነው። እህቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ እንኳ እንዲህ አልፈራም።

ድንገት «...ጠብቅሃለሁ!» የሚል ድምፅ ቤቱን አናጋው። የመጀመሪያዋ ፊደል ተበልታለች። ከዚህ በኋላ የቀረው የመጨረሻው አዝማች ብቻ ነው፤ በሙሉ ድምፅ፣ መስኮቱን እያንቀጠቀጠ መጣና አለቀ። ዞር ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«አልነደደም?» አለች በትንፋሽዋ።

ሌላ ውሸት ፈልጎ አጣ። «አልነደደም፣ እትዬ። አሁን ግን ጠፋ። የቀረው ይችው ናት።»

ሻንጣዋን ታነሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ገብታ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ድገመው» አለች። ደገመው። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «የጠፋውን አንተ ታውቀዋለህ?» ስትል ጠየቀችው።

«በቃሌ።»

«ዝፈነው።»

«እኔ? እትዬ፣ በሞቴ...»

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፤ ምቱን መስጠቷ ነው። ዘፈን ወዳዱ ሰውዬ በሕይወቱ ዘፍኖ አያውቅም። በሸካራ ድምፅ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ጀመረ። ልጁ ማልቀሷን ተወች፤ የአክስቷን ፊት አየት ስታደርግ ዘፋኟ ማን እንደነበረች ያኔ ተረዳች። ሁለተኛው ስንኝ መሀል ሲደርስ ድምፁን ሰበር አደረጋት። እህቱ ጠረጴዛውን መትታ አስቆመችው።

«ተሳሳትክ።»

«አልተሳሳትኩም። እንዲህ ነው ያልሽው።»

«አውቃለሁ እንዳልኩት። ጉሮሮዬ መጀመሪያ የከዳኝ እዚያች ጋ ነው። እሷን መስማት አልችል ብዬ ነው ያስቃጠልኩህ።»

ልብስ ሰፊው ካሴቱን ከእሳት ያተረፈው ለዚያች ስብራት ሲል ነበር። እያንዳንዱን ከሰዓት እሷን ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ ከዘፈን ሁሉ የሚወዳት ቦታ እሷ ናት። አሁን ካሴቱ ላይ የለችም፤ ያለችው እሱ ጋ ብቻ ነው።

«አቅንተህ በለው» አለች እህቱ።

ከስንኙ መጀመሪያ ተነሣ። ቦታዋ ስትደርስ ጉሮሮው በለመደው መንገድ ሊሄድ ፈለገ፤ ያዘው። እንባው እየወረደ ድምፁን ሳይሰብር፣ ቀጥ አድርጎ አወጣው። የእህቱ ከንፈር ያለ ድምፅ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር።

«እንዲህ ነበር ልለው የፈለግኩት» አለች።