ምላስ ያቃጠለው ቤት

የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን የወጣለት ስም «ንቀሉ» ነው። የሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኑ ሶኬት ላይ ያርፋል፤ «ካውያውን ንቀሉ፣ ሁለቱን ባንዴ አትስኩ» ይላል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ነቅሏል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን ማውራት ግን ልማዴ ነው።

እህቱ ቤት ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ማቀዝቀዣው፣ ምድጃውና ካውያው አንድ ማከፋፈያ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ገመዱ ደግሞ መሀሉ ላይ ተበጥሶ ተቀጥሎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በምንጣፍ ስር ያልፋል። ንቀሉ አንድ ቀን በካልሲ ረገጠውና ደነገጠ።

«እታለም፣ ይሄ ገመድ እኮ ሞቋል።»

«ታዲያ ምን አለበት? እግርህን ያሞቅልሃል።»

«ቀጭን ገመድ ምድጃ አይችልም። ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ ልሳብልሽ፤ ለምድጃው የራሱን ሶኬት ልሥራ። ሽቦውን ገዝቼዋለሁ።»

«ትናንት ያስቀባሁትን ግድግዳ ልትበሳ? አይሆንም።»

«ይቃጠላል ብዬሻለሁ።»

«አታሟርትብኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ፣ እሷ ገበያ ሳለች፣ ምንጣፉ ጨሰ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲገባ አዲሱ ግድግዳ ከሰል መስሏል። ሰው አልሞተም፤ ሃያ ዓመት የተለቀመ ዕቃ ግን አለቀ።

ገመዱን የወቀሰ አልተገኘም። ጠዋት «ይቃጠላል ብሎ ነበር እኮ» የተባለው፣ ከሰዓት በኋላ «ይቃጠላል ብሎ አቃጠለው» ሆነ። እኔም ትንሽ ቅመም ጨምሬበታለሁ፤ አልዋሽም። እህቱ አመዱ ላይ ቆማ «ገመድ አይደለም፤ ያንተ ምላስ ነው ያቃጠለኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ እሱን ሟርተኛ ብለን ትተን ሌላ ሠራተኛ እንጠራለን። ያኛው በፌስታል የተጠቀለለ ገመድ ባየ ቁጥር «ምንም አይል» ይላል። በጣም ይወደዳል።

ከወራት በኋላ ንቀሉ ጥቅል ሽቦውን ተሸክሞ እህቱ የተከራየችው ክፍል ደጃፍ ቆመ።

«አፍህን ዘግተህ ከሆነ ግባ» አለችው። «ሽቦው ውጭ ይቅር።»

ገባ። ምንጣፉ አዲስ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ገመድ ግን እንደ ድሮው ቀጭን ነው፤ ምድጃውም ካውያውም እሱ ላይ ተሰክተዋል። ሄዶ ካውያውን ዝም ብሎ ነቀለ። ዝም ብላ ሰካችው።

አሁን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ይሄዳል። ጫማውን አውልቆ ገመዱ በሚያልፍበት በኩል እግሩን ያሳርፋል። ሲሞቅበት ይነቅላል፤ እሷ ትሰካለች። ቃል አይለዋወጡም።

ሰፈሩ «ወንድምና እህት ታረቁ» ብሎ ደስ ብሎታል።